የቆመ ሞተር ባትሪ

አባቴ ለዓይኑ ቀዶ ሕክምና ድሬዳዋ ሲሄድ ሞተሩን ለእኔ አደራ ሰጠኝ። ሁለት ወር እህቱ ዘንድ ሊቆይ ነው። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጦ፣ «ጠዋት ጠዋት አስነሺው። ዝም ብሎ ከቆመ ባትሪው ይሞታል» አለኝ። ንጂው አላለኝም። መንዳት አልችልም፤ ብችልም ሀርጌሳ ውስጥ ሰው እያየኝ ሞተር ላይ የምወጣ ዓይነት አይደለሁም።

እናቴ ሞተሩን አትወደውም። «ዓይኑን ታክሞ የመጣ ሰው ሞተር ላይ ምን ይሠራል?» ትላለች። እዚሁ 26 ጁን በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኛ ሦስት በር አልፎ የሚኖረው ጎረቤታችን ደግሞ ልግዛው ማለት ከጀመረ ቆይቷል። አባቴ በሄደ ማግስት እናቴ ቁርጡን ነገረችኝ። «የሚነሳ ከሆነ ይቀመጥ። ሞቶ ከቆመ ግን ብረታ ብረት ግቢዬ ውስጥ አላኖርም፤ ለሚፈልገው እሰጠዋለሁ።» አባቴ ያለ ሞተሩ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ ከተመለስን ወዲህ ዘመድ የሚጠይቀውም፣ ጓደኞቹን የሚያገኘውም በእሱ ነው።

ስለዚህ ከመጠን በላይ ተጠነቀቅሁ። ሥራ ከመሄዴ በፊት አስነሳውና በስልኬ ሰዓት ልክ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። አባቴ ዓይኑ ታሽጎ ስለሚውል ያቺን ሰዓት ይናፍቃታል፤ እደውልለትና ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋለታለሁ።

«መብራቱስ?» ይላል። አበራለሁ።

«ፍሬቻውስ?» እሱንም አበራለሁ።

«እስቲ ክላክሱን አሰሚኝ።» እጫነዋለሁ። «ማሻ አላህ» ይላል፤ አጠፋዋለሁ።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ቁልፉን አዙሬ ማስነሻውን ስጫን «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። ደገምኩት፤ ጠቅ። በእግር የሚያስነሳው መርገጫ ድሮ ተሰብሯል። አባቴ «ሃሎ? አይሰማኝም» ሲል መስመሩ የተቋረጠ አስመስዬ ዘጋሁበት። እናቴ የሞተሩን ዝምታ ልብ ብላ ኖሯል፤ ማታ ራት ላይ፣ «ጎረቤታችን ዓርብ መጥቶ ያየዋል» አለችኝ።

ማክሰኞ ባትሪውን ፈታሁት። አስቀድሜ አንብቤ ስለነበር መጀመሪያ የነጌቲቩን ገመድ፣ ከዚያ የፖዘቲቩን ነቀልኩ። በፎጣ ጠቅልዬ በባጃጅ ወደ አንድ ባትሪ ቤት ወሰድኩት። ከሌሎቹ ያን ቤት የመረጥኩት ሠራተኛው አማርኛ ስለሚናገር ነው። ከደብረ ብርሃን መጥቶ፣ አያሃ ሰፈር እየኖረ፣ ቀን ቀን እዚያ ይሠራል። ባትሪውን በመለኪያው ነካ ነካ አደረገና ቀና ብሎ አየኝ።

«እህቴ፣ ይህን ባትሪ ማን ገደለው?»

«ማንም። በየቀኑ አምስት ደቂቃ አስነሳዋለሁ። መብራቱንም ክላክሱንም እሞክራለሁ።»

ሳቀ። «ገዳይዋ ራስሽ ነሻ! ማስነሻው ብዙ ይበላል። ቆሞ በአምስት ደቂቃ የሚያገኘው ያንን አይመልስም። አንድ ጉርሻ እያጎረስሽ ሳህኑን ስታነሺበት ከርመሻል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ወይ በደንብ ንጂው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። ወይ ነጌቲቩን ፍቺና ተይው፤ በወር አንዴ እዚህ አምጥተሽ ቻርጅ ታደርጊዋለሽ። ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሁለት ዓመት አልፎታል።»

«በዚህ ሙቀት ሦስት ከደፈነ ይመሰገናል። ባዶውን ብዙ ከቆየ ግን ውስጡ ይደርቅና አይመለስም።»

«ይሄስ ይመለሳል?»

«በትንሽ በትንሹ እሞላዋለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ሳይነካ ይቀመጥና እንለካዋለን። ከአሥራ ሁለት ነጥብ አምስት ቮልት ካልወረደ ነፍስ አለው። ቸኩለሽ አትምጪብኝ።»

አልቸኮልኩም፤ ግን ቢሮ ተቀምጬ ቁጥሩን ብቻ ነበር የማስበው። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። መለኪያውን ወደ እኔ አዞረልኝ፦ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከሞት ተነስቷል» አለኝ፣ ለልጅ ተረት እንደሚነግሩ። ማታውኑ ሞተሩ ላይ መልሼ ገጠምኩት።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጎረቤታችን መጣ። እናቴ ደረጃው ላይ ቆማ የደረቀ ልብስ ታጥፋለች። ማስነሻውን አንዴ ተጫንኩት፤ ተነሳ። አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። ሰውየው ግን ሞተሩን ዙሪያውን አይቶ፣ «እንዲህ ተጠብቆ የቆየ ሞተር አላየሁም። ዛሬውኑ እወስደዋለሁ» አለ። እናቴ እጥፋቷን ቀጠለች፤ እንቢ አላለችም። ሳምንቱን ሙሉ ሞተሩን ለገዢ ሳሰናዳ መክረሜ ያኔ ገባኝ።

ሶማልኛዬ የአዲስ አበባ ቅላጼ ስላለው ሰው ፊት መናገር አልወድም። «አደር» አልኩት፤ አጎት እንደማለት ነው። «አደር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሞተሩ አይሸጥም። ባለቤቱ በሕይወት አለ፤ ሲመጣ እሱን ይጠይቁት።»

«ቁልፉ በማን እጅ ነው?»

«በእኔ።»

«እንግዲያው ከባለ ቁልፍ ጋር ምን ያከራክረኛል» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

እናቴ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። «ለካ አንደበት አለሽ!» አለችኝ። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን ቁጣ አልነበረም። «ዓይኑ ሳይድን ቁልፉን ብትሰጪው ግን የምጣላው ከእሱ ጋር እንዳይመስልሽ።»

«ሐኪሙ እስኪፈቅድለት አልሰጠውም፣ ሆዮ» አልኳት፤ እማ እንደማለት ነው።

«ይህን ለእሱ ማን ይነግረዋል?»

«እኔ» አልኳት። የሰኞውን ውሸትም ጭምር መናገር ነበረብኝ። ባትሪ ቤት እንደተመከርኩት ነጌቲቩን ነቀልኩና ልደውልለት ገባሁ።