ከዓይኑ እስከ ድሩ

አርባ ምንጭ ዓይን ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙ ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠይቀው፣ አባቴ ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸ። ነጋዴ ነኝ አለ።

አባቴ ነግዶ አያውቅም። ከገረሴ ደጋ ወደ ከተማ ከወረደ ወዲህ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ሲሸምን ነው የኖረው፤ እኛን ልጆቹንም ያሳደገን መወርወሪያው ነው። ግን በወጣትነቱ ሸማኔ ማለት ስድብ ነበር። ሐኪሙ ደግሞ ጥርት ያለ አማርኛ የሚናገር የሰሜን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት አባቴ ሙያውን አይጠራም።

የዓይኑ ሞራ ሲወጣ በቦታው የሚተከለው ሌንስ ሁለት ዓይነት እንደሆነ ሐኪሙ አስረዳን። አንዱ ቅርቡንም ሩቁንም ያሳያል፤ ነገር ግን ብርሃኑን ስለሚከፋፍለው ደብዛዛ ቦታ ላይ ተመሳሳይ ቀለም መለየት ያስቸግራል። ሌላው አንድ ርቀት ብቻ አጥርቶ ያሳያል፤ ለቀረው መነጽር ነው። አባቴ ሁሉን የሚያሳየውን መረጠ። መጽሐፍ ቅዱሴንም አነባለሁ፣ ሰባኪውንም አያለሁ አለ። ሐኪሙ ለነጋዴ ይስማማል ብሎ ብዕሩን አነሳ።

የአባቴ ሥራ ነጭ ክር በነጭ ክር ላይ ነው፣ ያውም ጨለም ያለ ቤት ውስጥ። ሌንሱ ደግሞ አንዴ ከገባ በቀላሉ አይቀየርም ተብለናል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

«ዶክተር፣ አባቴ ሸማኔ ነው» አልኩ።

«ዝም በል!» አለኝ። አባቴ ሲናደድ አፍ ያልፈታበት አማርኛው ሴት ልጁንም ወንድ ያደርጋታል።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ፣ ሲሸምኑ እንደሚቀመጡት ይቀመጡልኝ ብሎ ለመነው። አባቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ዘረጋ፤ እግሮቹ ወለሉ ላይ መርገጫውን ፈለጉ። ሐኪሙ ከዓይኑ እስከ እጁ ለካና ለዚያ ርቀት የሚሆነውን ሌንስ መከረው። አባቴ እንዳሉ ይሁን አለ። እኔን ግን እስከ ቀዶ ሕክምናው ድረስ አላናገረኝም።

ዓይኑ የተሸፈነበት ፋሻ ሲነሳለት አጠገቡ ነበርኩ። ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስንት እንደሚል ጠየቀው።

«አይታየኝም» አለ አባቴ።

ሐኪሙ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ለሩቁ መነጽር እናዝዛለን ቢልም ጆሮዬ አልሰማውም። የአባቴን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ ፈራሁ።

አባቴ እጁን ሰዶ የነጠላዬን ጫፍ ያዘ። ክንዱን ዘርግቶ ወደ መስኮቱ አዞረው፣ አገላበጠው፣ በጣቱ ተከተለው።

«ይሄን ማነው የሠራው?» አለ። «ማጉ ዘሏል። እዚህ። እዚህም።»

ነጠላውን ለገና ሸምኖ የሰጠኝ እሱ ነው። ዋሽቼ ላልፈው ፈልጌ ነበር፣ አልሆነልኝም።

«አንተ ነህ፣ አባባ።»

ጣቱን በዘለለው ማግ ላይ አንዴ መለሰው።

«አውልቂው» አለኝ። «ሌላ እሠራልሻለሁ።»