አማቼ የሰጠኝ ጉርሻ

መርከቡ ላይ ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ የተማርኩት ሳህን መያዝ ነው። ሦስት ሳህን በአንድ እጅ፤ አንዱ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል፣ አንዱ ከሥሩ፣ ሦስተኛው ክንድ ላይ። ያሳየኝ ተስፋይ የሚባል፣ አስመራ ተወልዶ ያደገ አንጋፋ አስተናጋጅ ነበር። ባዶ ሳህን አሸክሞ በወጥ ቤቱና በመመገቢያ አዳራሹ መሀል ሲያመላልሰኝ ዋለ። መርከቡ ከሰዓት በኋላ ከኦስሎ ተነስቶ፣ አድሮ ጠዋት ኮፐንሃገን የሚደርስ ነው። ገና ፊዮርድ ከሚሉት ከኦስሎ የባሕር ሰርጥ ሳንወጣ ክንዴ ዝሎ ነበር።

ማዕረጌ የመጨረሻው ነበር፤ ጠረጴዛ አንሺ፣ የተበላበትን ሳህን ሰብሳቢ። ከእኔ በላይ አስተናጋጅ፣ ከአስተናጋጅ በላይ ደግሞ ሆቭመስተር የሚሏት የአዳራሹ አለቃ። የኛዋ ኢንግሪድ ትባላለች፤ ረጅም ናት፣ ነገር አታበዛም። "እዚህ አገር ጉርሻ ግዴታ አይደለም" አለችኝ። "የሰጠ ሰጠ። ያልሰጠውን በዓይንህ አትከተለው። የተሰጠህን የቲፕስ ሳጥን ውስጥ ትከታለህ፤ ወር ሲያልቅ አስተናጋጁም፣ ዕቃ አጣቢውም፣ አልጋ አንጣፊዋም ይካፈሉታል።"

ያንኑ ምሽት አንድ ሽማግሌ ኖርዌጂያዊ፣ ሳህኑን ከጠረጴዛው ሳነሳለት፣ የወረቀት ገንዘብ ዘረጋልኝ። እኔ ያደግሁት ደሴ ነው። የተሰጠህን ወዲያው ላፍ አድርገህ ብትቀበል ነውር ነው። መጀመሪያ "ኧረ ግድ የለም" ትላለህ፣ ሰውየው ይለምንሃል፣ ትግደረደራለህ፣ በስንት መከራ ትቀበላለህ። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ በቋንቋቸው አይሆንም ለማለት፣ "ናይ፣ ናይ" አልኩና ልመናውን መጠበቅ ጀመርኩ። ሰውየው እሺ ብሎ ገንዘቡን ቦርሳው ውስጥ መልሶ ሄደ።

ተስፋይ ከኋላዬ ቆሞ ያያል። "ሓወይ፣ እነዚህ የሚጠይቁህ አንዴ ነው" አለኝ፤ ሓወይ ማለቱ ወንድሜ ነው። "ደግሞ የተግደረደርከው ለራስህ ብቻ መሰለህ? ሳጥኑ የጋራ ነው።" ከዚያ ወዲህ የተዘረጋልኝን ሁሉ በሁለት እጄ ስቀበል ኖሬያለሁ።

እያደር አስተናጋጅ ሆንኩ። ሥራውን እወደዋለሁ። ይህን ስል የሚያዝንልኝ ሰው አለ፤ አይዘንልኝ። ሰው ተርቦ ተኮሳትሮ ይገባል፣ ጠግቦ ፊቱ ፈታ ብሎ ይወጣል፤ በየቀኑ ይህን የሚያይ ሠራተኛ ብዙ አይደለም። ሰውን በጉርሻው መለየትም ተማርኩ። ጀርመኑ ሒሳቡን ሞላ አድርጎ ይከፍላል። ኖርዌጂያዊው የካርድ ማሽኑ ላይ አፍጥጦ ከራሱ ጋር ይማከራል። ዴንማርካዊው ይቀልድና ይረሳዋል። የኛ ሰው ግን የሚሰጠው ሲጨብጥህ ነው፤ ማንም ሳያይ መዳፍህ ውስጥ ይወሽቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ልጄ ሐያት ነቢል የሚባል ልጅ ወደደች። የነቢል ወላጆች እዚያው ኦስሎ፣ ቫይትቬት የሚባል ሰፈር ይኖራሉ፤ እኛ ትሮስተሩድ። በአንድ ሸለቆ ግራና ቀኝ እየኖርን ተያይተን አናውቅም። ሽማግሌ ሆነው የሚመላለሱት ጋሽ አደም ነበሩ፤ የሁለታችንም ወዳጅ፣ ደግ ሰው፣ ማማር ያለበትን ነገር ሁሉ ማሳመር የሚወዱ። ስለ ልጁ አባት ሲነግሩኝ "ኑርሁሴን የታክሲ ድርጅት ባለቤት ነው" አሉኝ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ አዲስ ምንጣፍ ካልተገዛ አለች። ቤታችን የሚመጡበት ቅዳሜ ተቆረጠ። ጋሽ አደም ስለ እኔ እዚያ ምን እንዳሉ መጠየቅ ግን አላሰብኩም።

ከቅዳሜው በፊት ባለው ሳምንት ዕረፍት ላይ መሆን ነበረብኝ። አንድ ባልደረባዬ ልጁ ታመመበትና ተተክቼለት ገባሁ። ሐያት እንኳ አላወቀችም።

የዚያን ዕለት ምሽት መስኮቱ ዳር ካሉት ጠረጴዛዎቼ በአንዱ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። እሱ እኩያዬ ይሆናል፣ ከረባት አስሯል፤ እሷ ሻርፕ ተከናንባለች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛለች። ሜኑውን እንደ ፈተና ወረቀት ነው የሚያዩት። "አሰላሙ ዓለይኩም" አልኳቸው። ሰውየው ፊቱ በራ። "ሐበሻ ነህ? አልሐምዱሊላህ! ወንድሜ፣ እስቲ አስመርጠን። ልጃችን ነው ሂዱና ተዝናኑ ብሎ ቲኬት የቆረጠልን። እኛ ደግሞ መዝናናቱን አናውቅበትም።"

ሥጋውን ፈርተው ዓሣ ይሁንልን አሉ። "ዓሣ ምን ይኖርበታል" አለች ሴትየዋ። የሚኖርበትን እኔ አውቃለሁ፤ ሶሱ የሚሠራው በነጭ ወይን ነው። ወጥ ቤት ገብቼ ለሁለቱ በቅቤና በሎሚ ብቻ እንዲሠራ አደረግሁ። ሳህኑን ሳቀርብ ይህንኑ ነገርኳቸው። "አላህ ይስጥህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ" አለች ሴትየዋ። ሰውየው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጨበጠኝ፤ መዳፌ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ገባ። እንደ ልማዴ በሁለት እጄ ተቀብዬ አመሰገንኩ።

እሱም ተቀመጠና "ለመሆኑ" አለኝ፣ "እዚህ መርከብ ላይ አቶ ይማም የሚባሉ ትልቅ ኃላፊ አሉ አይደል? ታውቃቸዋለህ? ኢንሻአላህ በቅርቡ እንዛመዳለን።"

ይማም የአባቴ ስም ነው። እዚህ አገር የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለተመዘገበ ልጄ ሐያት ይማም ትባላለች፤ ደረቴ ላይ ያለው ካርድ ግን ሰይድ ብቻ ነው የሚለው። ምን ልበል? "አውቃቸዋለሁ" አልኩ።

"እንዴት ያሉ ሰው ናቸው?" አለች ሴትየዋ።

"ደህና ሰው ናቸው።"

"ሠራተኛ ላይ አይጮሁም?"

"እስካሁን አልጮሁም" ብዬ ወደ ወጥ ቤት አመለጥኩ።

ገንዘቡን ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩና ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ፈራሁ። የምፈራው ለራሴ አልነበረም። ሰውየው ልጁን ለመርከብ ኃላፊ ልጅ ሊድር ነው የተስማማው። ሳህን ተሸካሚ መሆኔን ሲያውቅ፣ ያውም ጉርሻ ከሰጠኝ በኋላ፣ ወይ ተታለልኩ ይላል ወይ ተዋረድኩ። በየትኛውም ቢሆን የምትጎዳው ሐያት ናት።

ለተስፋይ ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሲበርድለት "ጠረጴዛውን ለእኔ ስጠኝና አንተ እዚሁ ቆይ" አለኝ። "ቅዳሜ ሱፍ ለብሰህ ሲያይህ አይለይህም።"

"ፊቴንስ?"

"የአስተናጋጅ ፊት ማን ያያል? የሚያዩት እጅህን ነው።"

እውነቱን ነው፤ ነገሩ ግን አናደደኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የሠራሁት ከአማቼ ልደበቅ አይደለም አልኩ። ሻያቸውን አንስቼ ራሴ ሄድኩ።

ብርጭቆዎቹን አስቀምጬ፣ ትሪውን ብብቴ ሥር ይዤ ቆምኩ። "አቶ ኑርሁሴን" አልኩ። ስሜን ከየት አወቀው ብሎ ቀና አለ። "የሐያት አባት እኔ ነኝ። ሰይድ ይማም። ኃላፊ አይደለሁም፤ አስተናጋጅ ነኝ።"

ሰውየው ተስፈንጥሮ ተነሳ። ናፕኪኑ ወለል ላይ ወደቀ። "እርስዎ ነዎት?" አለኝ፤ አንተ ማለቱ እዚያው ላይ ቀረ። "አስተግፊሩላህ! ለአማቼ ጉርሻ ሰጠሁ? ይመልሱልኝ! ኧረ አይመልሱልኝ! ምን ጉድ ነው የሠራሁት?"

"ሳጥን ውስጥ ገብቷል" አልኩት። "የሁላችንም ነው፤ ከዚያ አይወጣም። አሁን ይቀመጡ።"

"እርስዎ ቆመው እኔ ልቀመጥ? አይደረግም!" ብሎ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበው። ሚስቱም ተነሳች። በየጠረጴዛው ያለው እንግዳ ወደ እኛ መዞር ጀመረ። ኢንግሪድ መጣችና "ወንበሩ ተሰብሯል?" አለች።

"አማቼ ሊሆን ነው" አልኳት በኖርዌጂያንኛ። "እኔ ቆሜ እሱ መቀመጥ አይችልም።"

ትንሽ አሰበች። "አንተም ሥራ ላይ ስለሆንክ መቀመጥ አትችልም። ሰባት ቁጥር ጠረጴዛ ደግሞ ሾርባ ይጠብቃል" ብላኝ ሄደች። ሆቭመስተር እንዲህ ናት፤ ችግሩን አስረድታህ ለአንተው ትተወዋለች።

"አቶ ኑርሁሴን" አልኩ፣ "ቅዳሜ ቤቴ ይመጡ የለ? ያን ጊዜ ቆሞ እጅ የሚያስታጥብዎ ማነው?"

"እርስዎ ነዎታ።"

"ታዲያ ሳስታጥብዎ ይነሳሉ?"

"እንግዳ እንዴት ይነሳል?"

"እንግዲያው ዛሬም እንግዳዬ ነዎት። ይቀመጡልኝና ሥራዬን ልሥራ።"

ተቀመጠ። የሰባት ቁጥርን ሾርባ ወስጄ ስመለስ ሻዩን በማንኪያ ያማስላል፤ ሳህኖች አንስቼ ስመለስም ያማስላል፤ ሻዩ ቀዝቅዟል። "ኃላፊ ናቸው ተብለን ነበር" አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚናገር። የሐያትን ፊት ነበር የማስበው።

ሴትየዋ ወደ ባሏ ዞረች። "እስቲ አንተስ ምን ተብለህ እንደሆነ ጠይቃቸው" አለችው።

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። "ጋሽ አደም ስለ እኔ ምን አሉዎት?"

"የታክሲ ድርጅት ባለቤት ነው አሉኝ።"

አፉን ከፍቶ ቀረ። "ድርጅት?" አለ። "የሰው ታክሲ ነው የምነዳው! ያውም ባለቤቱ ቤንዚን አባከንክ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነው የሚውለው!" ሴትየዋ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ መሳቅ ጀመረች። እኛም ተከተልናት። እንዲያ የሳቅሁበት የሥራ ቀን አላስታውስም፤ ትሪው ከብብቴ ሾልኮ ወድቆ ሲንኳኳ ኢንግሪድ ከሩቅ ጣቷን አወዛወዘችብኝ።

ጠዋት ቁርስ ላይ ሳጥኑ የት እንዳለ ጠየቀኝ። አሳየሁት። የሆነ ነገር ከተተበትና "ይሄ ለእርስዎ እንዳይመስልዎ፤ አልጋ ላነጠፈችልን ልጅ ነው" አለኝ። ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው ኮፐንሃገንን ሊያዩ ወረዱ።

ቅዳሜ ዕለት ትሮስተሩድ ያለው ቤታችን ሞላ። ወንድሞቼ፣ ጎረቤቶች፣ ከነሱም ወገን ብዙ ሰው። እኔ ማስታጠቢያውን ይዤ ቆሜያለሁ። ጋሽ አደም ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ፦ "እንግዲህ እንደምታውቁት፣ የልጅቷ አባት በታላቅ መርከብ ላይ በኃላፊነት..."

"ጋሽ አደም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ ኑርሁሴን። "አቶ ሰይድ ኃላፊ አይደሉም፤ አስተናጋጅ ናቸው። እኔንም አስተናግደውኛል። ጉርሻም ሰጥቻቸዋለሁ።"

ታላቅ ወንድሜ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። ሐያት ከጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ትንፋሿን እንደያዘች ይታየኛል።

"ተቀብያለሁ" አልኩ። "ጥሩ ጉርሻ ነበር።"

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ አደም ራሳቸው ናቸው። ኑርሁሴን ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ እጁን ለውሃ ዘረጋልኝ። "እኔም የምነዳው የሰው ታክሲ ነው" አለ። "ይህንን አውቃችሁ ልጃችሁን ለልጄ ስጡልኝ።" ሰጠን። እኔም ደስ ብሎኝ ውሃውን አፈሰስኩለት።

ልጆቹ አሁን እዚያው ሸለቆ ውስጥ፣ ግሮሩድ ይኖራሉ። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ኑርሁሴን ገና ይነዳል። በቅርቡ ሥራ ለጀመራችሁት የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ሥራችሁ ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቅ ቀድማችሁ ራሳችሁ ንገሩት። ሌላ ሰው ከነገረላችሁ ያሳምረዋል፤ ካሳመረው በኋላ መደበቅ የሚጀምረው እሱ ሳይሆን እናንተ ናችሁ።