ኤሊዋ የበራች ዕለት

...መሪጌታ የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው ነበር፣ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው። ያን ዕለት ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ነው። ዝናብ አልነበረም፣ ፀሐይም አልነበረም... እሳቸው ግን እኔን ይጠብቁ ነበር።

የማስተምረው ደብረ ማርቆስ ነው። የምኖረው ሮብ ገበያ፣ ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ከይታይሽ ጋር። እናቴ አልጋ ከያዘች ወዲህ በየቀኑ እመላለሳለሁ። የነዳጅ ሰልፍ ሲያስመርረኝ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ብዙዎቻችሁ «ለእንዲህ ያለ ምልልስ ትበቃለች ወይ?» ትሉኛላችሁ።

ትበቃለች። ጠዋት ወደ ማርቆስ ስወርድ ቁልቁለቱ ራሱ ባትሪዋን ይሞላላታል። ማታ ስመለስ ግን ዳገቱ አለ፣ ብርዱ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ቀሪ ኪሎ ሜትር የሜዳ አገር ኪሎ ሜትር ነው፤ የጮቄን ዳገት አያውቅም። ቢሆንም ሌሊቱን ሶኬት ላይ ካደረች ችግር የለም። መብራት ከጠፋ ግን...

ያን ሰሞን መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሮብ ገበያም ማርቆስም። ማርቆስ ለማደር ወስኜ ሳለ፣ ከሰዓት በኋላ ይታይሽ ደወለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ትመጣለህ አይደል?»

«ባትሪው የሚያደርሰኝ አይመስለኝም። መብራት ሲመጣ ነገ...»

«አይ፣ ዛሬ ና።»

«እማዬ ባሰባት እንዴ?»

«ኧረ ደህና ናት። ደህና ናት፤ ብቻ ና።»

ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አልገባ አለ።

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሰውየው መንገዱን በተስፋ እንዲጨርስ «ትንሽ አሟታል» ወይ «ደህና ናት» ይባላል። ቤት ሲደርስም እህል ይቀምሳል፣ ያድራል። መርዶው ጎህ ሲቀድ ነው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ። እኔም ለሌሎች «ደህና ናቸው» ስል ኖሬአለሁ። ድምፄ እንዴት እንደሚሰማ ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

መናኸሪያ ሄድኩ፤ የሮብ ገበያ የመጨረሻው ሚኒባስ ወጥቷል። መኪናዬን ላመጣ ወደ ትምህርት ቤቱ ስመለስ ነው እንግዲህ መሪጌታን በሩ ላይ ያገኘኋቸው።

ጎረቤታችን ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። መኪናዋን ስገዛ ከሁሉ የበለጠ የሳቁብኝ እሳቸው ነበሩ። «ይቺ እንደ ድመት ነው የምትመጣው! እንደ በቅሎ ቃጭል እሰርላት እንጂ፤ አገሩን ልትፈጅ ነው እንዴ?» ይሉኝ ነበር። ያን ዕለት አልሳቁም።

«መሪጌታ፣ እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ጉዳይ ነበረኝ። አብረን እንሂድ።»

ምን ጉዳይ እንደሆነ አልነገሩኝም።

ዳገቱን ጀመርን። ባትሪው ከመንገዱ ቀድሞ ያልቅ ጀመር። ማሞቂያውን አጠፋሁ፣ ሬዲዮውን አጠፋሁ። ጉም ወረደብን። ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች በመንገዱ ዳር ሲሄዱ በአጠገባቸው አለፍን፤ አንዷም ዞር አላለችም። አልሰሙንም። ለአፍታ... የሞትነው እኛ ነን እንዴ አልኩ በልቤ።

«መሪጌታ፣ እማዬን መቼ አዩዋት?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«እንዴት ናት?»

«መንገዱን እይ፣ ልጄ።»

የመጨረሻው ዳገት ሥር ስንደርስ ዳሽቦርዱ ላይ ትንሽዬ ኤሊ በራች። መኪናዋ ሲደክማት የምታሳየው ምልክት ነው፤ ከዚያ በኋላ የምትሄደው እንደ እግረኛ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ መሪጌታ... ክብደት ቢቀንስላት ትወጣው ነበር። ይችን ብቻ በእግርዎ ቢወጡልኝ?»

ሌላ ቀን ቢሆን እየቀለዱብኝ ይወርዱ ነበር።

«አልወርድም።»

«ልትቆም ትችላለች እኮ!»

«ትቁም። አብረን በእግራችን እንሄዳለን። ብቻህን ግን አትገባም።»

ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረገጥኩ። መኪናዋ እየተንፏቀቀች ወጣችው።

አጥራችን ጥግ ስንደርስ መሽቶ ዓይን ለዓይን መተያየት እየከበደ ነበር። መስኮቴን ዝቅ አደረግሁ። ከአጥሩ ወዲያ ሰዎች ያወራሉ። የሚጠብቁት የሞተር ድምፅ ነበር፤ እኛ ግን ድምፅ የለንም።

«መጀመሪያ ራቱን ይብላ።»

«እናቱስ? ፊቷ ያስታውቅባታል እኮ።»

«ነግረናታል። ትችለዋለች።»

መሪጌታ በኃይል ሳሉ። ደግመው ሳሉ። ድምፆቹ ተቆረጡ።

ስገባ ጎረቤቶቻችን ጋቢያቸውን እንደለበሱ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ «እንዴት ዋልክ? እንዴት ዋልክ?» አሉኝ። አልመለስኩላቸውም፤ «እናቱስ» ሲሉ የሰማሁትን ጆሮዬን ስላላመንኩት ወደ ቤት ሮጥኩ።

እማዬ ቁጭ ብላለች። ብዙ ሳምንት ቀና ማለት አቅቷት የከረመችው እናቴ፣ ትራሱን ደገፍ ብላ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ቁጭ ብላለች።

«ደረስክ፣ የኔ ልጅ?»

አልጋዋ ሥር ተንበረከክሁ። ተመስገን እያልኩ ጉልበቷን ሳምኩ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ይታይሽ ማስታጠቢያውን ይዛ መጣች። ውኃውን ስታፈስልኝ ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ። ቀና ብዬ አየኋት፤ ወደ ሻማው ዞረች። እማዬም ፊቴን አላየችም፣ የምታየው እጆቼን ነበር።

ያኔ ነው ደስታው የበረደብኝ። እማዬ ካለች... ይታይሽ ካለች...

የምወዳቸውን ሰዎች በልቤ አንድ በአንድ መጥራት ጀመርኩ። በእያንዳንዱ ስም ላይ ቆም እላለሁ።

«እማዬ፣ ማን ነው?»

«እህል ቅመስ መጀመሪያ።»

ጎረቤቶቹ ተራ በተራ ገቡ። አንዳቸውም አልተቀመጡም፤ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። መሪጌታ ከሁሉም ኋላ ገቡ። አንዴ ዞረው ጨለም ያለውን ደጅ ተመለከቱ፣ ከዚያ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። መርዶው ጎህ እስኪቀድ እንደማይቆይ ገባኝ።