ሳልስመው የወጣሁት ጉልበት

ከድሬዳዋ የወጣሁ ሌሊት አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። ሩቅ አገር የሚሄድ ልጅ የአባቱን ጉልበት ስሞ፣ ተመርቆ ነው የሚወጣው። እኔ ግን ብቀሰቅሰው «ለሰው ቤት ገረድ ልትሆኚ?» ብሎ እንደሚያስቀረኝ ስለማውቅ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ እንደ ሌባ ሹልክ ብዬ ጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ይኸው ስድስት ዓመት፣ ስደውል አንድ ቀን ቀርቦ አናግሮኝ አያውቅም። እህቴ «አባባ ወጥቷል» ትለኛለች፤ ሳሉ ከኋላዋ እየተሰማኝ።

እዚህ ጅቡቲ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የምሠራላት ማዳም የካምቦዲያ ሰው ናት፤ ባሏ ፈረንሳዊ። የአገሯ የዓሣ መረቅ ሽታ ከዚህ ከተማ ሙቀት ጋር ሲገናኝ ለጠላትም አይስጥ! ከዚያ የባሰው ግን ዓርብ ነው። ዓርብ ዓርብ ወንድሟ የሚልክላትን የአገሯን ቡጢ በሲዲ ከፍታ እኔንም አጠገቧ ታስቀምጠኛለች። ቡጢ ይበሉት እንጂ ክርን አለ፣ ጉልበት አለ፣ እርግጫ አለ፤ የቀረው መናከስ ብቻ ነው። እሷ አገር ሰዉ ሁሉ ሥራ ፈቶ በየሻይ ቤቱ ይህንን ሲያይ ይውላል አሉ።

«ማዳም፣ እኛ አገር እንዲህ የተደባደበ ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚገባው» አልኳት።

«እኛ አገር ቴሌቪዥን ይገባል» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

አንድ ዓርብ አንዱ ጎረምሳ ገና ሳይጋጠም ተንበርክኮ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሦስቴ ሰገደ። ከዚያ በከበሮ ምት ቀስ እያለ እጁን ማወዛወዝ ጀመረ። ሳቄ አመለጠኝ።

«ሊደባደብ ነው ወይስ እስክስታ ሊወርድ?»

ማዳም ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ከዚያ በፊት በጨዋታ መሃል አጥፍታው አታውቅም።

«ለመምህሩና ለወላጆቹ ነው የሚሰግደው። ሳይሰግድ የሚጋጠም የለም። አንቺ ስትመጪ ለማን ሰገድሽ?»

«ለጭነት መኪናው ሹፌር፣ እንዲደብቀኝ።»

ለመቀለድ ነበር። እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። ስንቀው የኖርኩት ተደባዳቢ ከእኔ ይልቅ የጨዋ ልጅ ሆኖ ተገኘ።

በማግስቱ ደወልኩ። እህቴ እንደ ልማዷ «አባባ ወጥቷል» አለች።

«ሳሉ ይሰማኛል። ጆሮው ላይ እምቢ ካለ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጊልኝ።»

ስልኩን ወደ እሱ ወሰደችው። ቀጥሎ የአባባ ሽርጥ መንኮሻኮሽ ተሰማኝ። የማዳም ሳሎን ሴራሚኩ ላይ ተንበርክኬ ስልኩን ሳምኩት። እኛ ዘንድ አባት ሊመርቅ ሲል አስቀድሞ ጉልበቱን የሳመችውን ልጁን «ተነሺ» ይላል።

«ተነሺ» አለ አባቴ። መስመሩ ተቋረጠ።

ያለው እኔን ይሁን፣ ስልኩን ይዛ እግሩ ሥር የተቀመጠችውን እህቴን፣ አላወቅሁም። ደጋግሜ ብደውል የሚያነሳ ጠፋ። ማዳም መጥታ ምን ሆነሽ ስትለኝ እንደተንበረከክሁ ነበርኩ።