እብቅ፣ ላሜራና የልጄ ተሳቢ

ልጄ ፒካፕ ትነዳለች። ከኋላው ተሳቢ አስራ፣ የጋፋት ገበሬዎች የሚሸጡትን ጭድ ሐሙሲት ላሉ ከብት አድላቢዎች ታደርሳለች። ሁለት ልጆቿንም እኔንም የምታኖረን በዚሁ ሥራ ነው። ጭድ ክብደት ስለሌለው የሚያዋጣው ከፍ ተደርጎ ሲከመር ነው። ከፍ ሲል ደግሞ ነፋስ ያገኘዋል።

ባለፈው በጋ አንድ ቀን ከደብረ ታቦር ወጣ እንዳለች ነፋሱ ሸራውን ገልቦ ጭዱን መንገድ ላይ በተነባት። በማግስቱ የጭነት ተራ አስከባሪው፣ «ተሳቢሽን ትተሽ ካልመጣሽ ተራ የለሽም» አላት። ያለ ተሳቢ ደግሞ የምትጭነው የነዳጇንም አይሸፍን። ይህን ስትነግረኝ ነጠላዬን አንስቼ ወደ ጭነት ተራው ሄድሁ።

«ጭዱ ያልተበተነበት ማን አለ?» አልሁት። «ያ ባለ ቀዩ መኪና ባለፈው በትኖ የለም? እሱን ለምን አላባረርኸውም?»

«እማማ፣ እሱ እኮ ልምድ ያለው ሹፌር ነው።»

«ነፋሱ የሹፌር ልምድ እየጠየቀ ነው የሚነፍሰው? ወይስ ቀሚስ ሲያይ ይበረታል?»

ጫኞቹ ሳቁ። እሱም ሳቁ መጥቶበት ነበር፤ ዋጥ አደረገው። «እንግዲያውስ ሸራው እንዳይገለብ፣ ተሳቢው እንዳይወዛወዝ አድርጋ ታሳየኝ። ተራዋን አልነካም» አለኝ። ሕጉ ለሁሉም አንድ እንዲሆን አስምዬው ተመለስሁ።

ልጄ በትልልቆቹ መኪኖች ጋቢና ላይ ያለውን የነፋስ መከላከያ ስታየው ኖራለች። በያጅ ዘንድ ሄዳ እንደዚያ ያለ ከላሜራ አሠራች። ፒካፗ ጣሪያ ላይ ሲገጠም ግን እንደ በር ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር። እሷም በያጁም ያሰቡት አውድማ ዳር ነፋስ ለመከለል የምናቆመውን አጥር ነው፤ የእኛ አገር ሰው ነፋስ የሚከልለው እንደዚያ ነው።

እኔ የነፋስን ነገር የማውቀው በእብቅ ነው። አውድማ ላይ እህሉን ከእብቁ ከመለየታችን በፊት አንድ እፍኝ ለቀቅ አድርገን ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ እናያለን። ስለዚህ አንድ ከረጢት እብቅ ይዤ ከልጄ ጋር ነፋስ ወደማይታጣበት ሜዳ ወጣን። ጭድ እንደጫነች መኪናዋን ወደ ነፋሱ አዙራ አቆመች። እኔ ፊት ለፊት ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጥቼ እብቁን ለቀቅሁ። ላሜራው ጋ ሲደርስ ወደ ላይ ዘለለና ከጀርባው ተጠማዝዞ ሸራው ላይ ወረደበት። ሸራው ይርገበገባል።

«እስኪ ድገሚው እማየ» አለች። ደገምሁ። መፍቻ ይዛ ጣሪያው ላይ ወጣችና ብሎኖቹን አላልታ ላሜራውን ወደ ኋላ ጋደም አደረገችው። «ልቀቂ» ስትለኝ እለቃለሁ፤ «ገና ነው» ትልና ደግሞ ታጋድመዋለች።

«ክንዴ ዛለ» አልኋት።

«ተራ አስከባሪውን ስትሰድቢው አልዛልሽም።»

በመጨረሻ እብቁ ላሜራውን ተከትሎ ሽቅብ ተንሸራተተ፤ በጭዱ አናት ላይ አልፎ ከተሳቢው ኋላ ሜዳው ላይ አረፈ። ሸራው ጭጭ አለ። ያን ቁራጭ ብረት ቆሜ አየሁት። ነፋስን የሚያህል ነገር ሳይታገል፣ መንገድ አሳይቶ እንደ እንግዳ ሲሸኘው ደስ ይላል። ልጄም ጣሪያው ላይ ተንበርክካ ብሎኑን ስታጠብቅ፣ ከእኔ የወጣች መሆኗ ገረመኝ።

በማግስቱ ባለ ቀዩ እኩል ከፍታ ጭኖ ከፊታችን እንዲሄድ አደረግሁ። በአንድ ነፋስ ካልተዳኙ ምኑን ፍርድ ሆነ? ተራ አስከባሪው ከልጄ ጎን ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላ ወንበር። ሜዳው ላይ ስንደርስ የቀዩ ሸራ እንደ አሞራ ክንፍ ይማታ ጀመር። የእኛ ድምፅ የለውም።

«ተሳቢው አለ እንዴ?» አለ ተራ አስከባሪው፣ በመስኮቱ ወደ ኋላ እየተጠማዘዘ።

«አንተው እየው» አለችው ልጄ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

ሐሙሲት ስንደርስ ወርዶ ሸራውን በእጁ ዳሰሰና፣ «ነገ በተራሽ ጫኚ» አላት።

«ባለ ቀዩስ?» አልሁት።

«ሕጉ አንድ ነው ብለው የለም እማማ? ይባረራል።»

«መጀመሪያ ለልጄ የሰጠኸውን ዕድል ለእሱም ስጠው። እስኪያሠራ ዝቅ አድርጎ ይጫን።»

አሁን ላሜራ ያሠራ ሹፌር ሁሉ እብቅ እንድለቅለት ወደ ሜዳው ይወስደኛል። ተራ አስከባሪውም የራሱ መኪና አለችውና በቀደም፣ ባለ ቀዩ ተራ ይዞ ሲጠብቅ፣ ላሜራውን አስገጥሞ መጣ። ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ ሥራ አለብኝ፤ እኔን ያስቀድሙኝ» አለኝ።

«ከባለ ቀዩ ኋላ ነህ» አልሁት።

ሄዶ ከቀዩ መኪና ኋላ አቆመ።