አማት ከበሩ አጠገብ
ናይሮቢ ውስጥ እንደ ናሊያካ የሚረገም ሰው የለም። ሥራዋ አውሮፕላን ለየበረራው መደልደል ነው፤ ተሳፋሪ ከተሰለፈ በኋላ አውሮፕላኑን የምትቀይርበት እሷ ናት። አሥራ አንድ ዓመት አጠገቧ ስሠራ «ምን አቀበጣት?» ያላለ ተሳፋሪ አላጋጠመኝም። ቅብጠት አይደለም እኮ! አንድ አውሮፕላን በቀን ስድስቴ ይበራል፤ ጠዋት አንዱ ከተበላሸና ካልተቀያየረ ማታ ድረስ ሁሉም ይዘገያል። እሷ ደግሞ ሰው ለበዛበት ትልቁን ትሰጣለች፣ ለዘመድ ብላ ደቂቃ አትጨምርም።

በአርባ ሦስት ዓመቷ፣ ተመስገን ነው፣ ባል ተገኘላት፤ ዋንዮንዪ የሚባል የከብት ሐኪም። ቅዳሜ ቀትር ላይ ቡንጎማ፣ አባቷ ቤት፣ ሽማግሌዎች ፊት ካልቀረበ ነገሩ አበቃ። እሱም፣ እሷን ሊጠይቁ መጥተው የነበሩት እናቷም፣ ለቡንጎማ በሚቀርበው በጠዋቱ የኪሱሙ በረራ ሊሄዱ ነበር። በእኛ በቡኩሱ ሕዝብ ባህል አማችና አማት እንኳን ሊነካኩ አይተያዩም። ስለዚህ እናትን ከፊት፣ እሱን ከመጨረሻ አስመደበቻቸው።

ምን ዋጋ አለው! የሞምባሳው አውሮፕላን ሞተር ውስጥ ወፍ ገባ። ሞምባሳ መቶ ሠላሳ ሰው ነው፣ ኪሱሙ አርባ ስምንት። ናሊያካ ለኪሱሙ የተመደበውን ትልቁን ለሞምባሳ አዙራ ለኪሱሙ ትንሿን ሰጠች። የትንሿ በር በጅራቷ በኩል ነው፤ እናት ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቀድመው ገብተው እዚያው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከአውሮፕላኑ ሥር ስልክ ተደወለ። አንድ ሰውዬ ጀርባውን ለአውሮፕላኑ ሰጥቶ መሰላሉ ላይ ቆሟል አሉን። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«እናትየውን ወደፊት እናዛውር፤ አሥር ደቂቃ ብቻ ስጪን» አለ ደዋዩ።

ናሊያካ እንደ ወረቀት ነጣች። «ለማንም አልሰጥም። ዝጉትና ይሂድ» አለች። ሳቄ ጠፋ።

ዋንዮንዪ አውቶቡስ ተሳፈረ። እኛ ፈረቃችንን ጨርሰን በሚቀጥለው በረራ ተከተልን፤ መንገዱን ሁሉ አልቅሳ ዓይኗ አበጠ። ስንደርስ ሽማግሌዎቹ አልተበተኑም! እናትየው እሱ ሳይመጣ ማንም ንቅንቅ እንዳይል ብለው፣ ምሳም ከልክለው፣ በረሃብ አስቀምጠዋቸዋል። አመሻሽ ላይ ዋንዮንዪ አቧራ ለብሶ ገባ፤ እናት ወደ ጓዳ ሸሹ።

«አውሮፕላኑ ጥሎህ እንዲሄድ ያዘዘችውን ሴት አሁንም ትፈልጋታለህ?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«አርባ ሰባት ሰው በሰዓቱ አድርሳለች፣ አባቴ» አለ። «እኔማ በአውቶቡስም ሆነ በእግሬ ወደ እሷ እመጣለሁ።»

ከጓዳ እልልታ ተሰማ።