በሦስት ቤት የተገኘው ባልዲ

እህቴ የሕክምና ተማሪ ነበረች። በደርግ ዘመን ብዙ መምህሮቻቸው ከውጭ የመጡ ነበሩ፤ የእሷን የመስክ ትምህርት የምትመራው ኩባዊት ሐኪም ነበረች። እህቴ የደረሳት መንደር ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ፣ ገርጂ፣ የራሳችን ሰፈር ሆነ። ሥራዋ እናቶች የመጠጥ ውሃቸውን እንዲከድኑ ማስተማር ነበር። በወሩ መጨረሻ መምህሯ ቤት ለቤት ዞራ ታያለች፤ ውሃው ተከድኖ ካልተገኘ እህቴ ዓመቱን ትደግማለች።

እኔ ትምህርቴን አቋርጬ፣ መጽሐፍ እየተዋስኩ፣ ባገኘሁት ወረቀት ላይ ግጥም የምሞነጭር ሥራ ፈት ነበርኩ። «እስቲ ለአንድ ቀን እንኳ ጥቀመኝ» ብትለኝ ገጠምኩላት፤

ክዳን የሌለው ውሃ፣ በር የሌለው ቤት፣
ማን እንደገባበት አይታወቅም ሌት።

ሰፈሩ በቃሉ ያዘው። ልጆች ገመድ ሲዘሉ፣ ሴቶች የቦኖ ውሃ ወረፋ ሲጠብቁ ይሉታል። ኮራሁ።

መምህሯ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣች። እኔም ተከተልኳቸው። መጀመሪያ የገባነው ከወሎ የመጡ የነጋዴ ሚስት ዘንድ ነው። በሩ ጥግ አረንጓዴ ባለክዳን ባልዲ ተቀምጧል። መምህሯ ደስ አላት። ሁለተኛው ቤትም አረንጓዴ ባለክዳን ባልዲ። እጀታው ሥር እሳት የለበለባት ጠባሳ አለች፤ የመጀመሪያው ባልዲ ላይም ነበረች። እህቴን አየኋት። ዓይኗን ከባልዲው ነቅላ ጣሪያ ታያለች።

ሦስተኛው ቤት ስንገባ የጓሮው በር ሲዘጋ ሰማሁ። አረንጓዴው ባልዲ እዚህም ተቀምጧል፤ መምህሯ ክዳኑን አነሳች። ውሃው ገና ይወዛወዛል። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ብላ ፈገግ አለች።

«ምን አለች?» አሉ የቤቱ እመቤት።

«ከዚህ ባልዲ ጋር እንተዋወቃለን ነው የምትለው።»

«ሁላችንም ካንድ ሱቅ ነው የገዛነው በያት!»

«እንዴ፣ እትዬ...»

«በያት እንጂ! ላንቺ ብለን አይደል አጥር ላጥር ስንሯሯጥ ያረፈድነው? እንግዳ ሲመጣ ጎዶሎ ይታያል እንዴ?»

እህቴ ብትዋሽ የሚያጋልጣት አልነበረም። ግን የእንግሊዝኛ ቃላቱ እየጠፉባት፣ እውነቱን ለመምህሯ ተናገረች።

መምህሯ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። በልጅነቷ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል እናቷ ከጎረቤት ጫማ ተውሰው ያደርጉላት እንደነበር አወራች። እትዬ ሲተረጎምላቸው ሳቁ። «እሷም የኛው ናት በይኛ!»

«ታዲያ ለምን አትከድኑም?» አለች መምህሯ።

እትዬ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ግጥሙንማ እናውቀዋለን። ይሄ ሥራ ፈት ክደኑ ክደኑ አለን፤ በምን እንደምንከድን አልነገረን። እንስራ እንደሆን ክዳን ይዞ አይወለድ!»

ጆሮዬ ጋለ። እህቴም ወሩን ሙሉ ስታስተምር ይህችን አንዲት ነገር ጠይቃቸው እንደማታውቅ ገባት። እዚያው ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። አንዷ የዘይት ቆርቆሮ እንቁረጥ አለች፤ ሌላዋ ቆርቆሮ ይዝጋል፣ ጣውላ ይሻላል አለች፤ ተከራከሩ። መምህሯ ስታዳምጥ ቆይታ ተነሳች። «የዛሬ ወር እመለሳለሁ» አለች። ማለፏንም መውደቋንም አልነገረቻትም።

ያን ወር እህቴ ማስተማሩን ትታ መጠየቅ ጀመረች። እኔም ግጥሙን ትቼ ከሴቶቹ ጋር ቆርቆሮ ስቆርጥ ከረምኩ፤ ጣቶቼ ተሸረካከቱ። ስንኝ ከማስተካከል የቆርቆሮ ጠርዝ ማስተካከል እንደሚከብድ ያኔ ነው ያወቅሁት።

መምህሯ ስትመለስ አንዱ ቤት የቆርቆሮ፣ አንዱ ቤት የጣውላ ክዳን አገኘች። አራተኛው ቤት ግን እንስራው አፉን ከፍቶ ቆሟል። የእህቴ ፊት አመድ መሰለ።

የቤቱ ባለቤት ግን ምንም አልደበቁም። «የኔ ገና ነው። ጣውላው ሲደርቅ ተጣመመብኝ፤ ሌላ እያስጠረብኩ ነው። እንዳየችው ትጻፈው» አሉ።

እህቴ አንዲት ቃል ሳታስቀር ተረጎመች። መምህሯ ሴትዮዋን ጨበጠቻቸው፤ ከዚያ ወደ እህቴ ዞራ፣ «አሁን አልፈሻል» አለቻት።